ጋሽ ሀምዱ «አዎ» ያሉ ዕለት

ለጥያቄ መልስ የማይሰጥ ሰው የሌለበት ከተማ የለም፤ አለ የሚል ካለ ከተማውን በደንብ አልዞረውም። እናንተም ታውቁታላችሁ። «ሰዓት ስንት ሆነ?» ስትሉት «ቀጠሮ አለህ እንዴ?» ይላል። «ደህና አደሩ?» ስትሉት «ምነው፣ ምን ሰማህ?» ይላል። ከእሱ ጋር ሩብ ሰዓት ያወራ ሰው የራሱን ጉዳይ ዘርግፎ፣ የሰውየውን አንዲት ነገር ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የእኛው ከተማ የመቱው ሰው ጋሽ ሀምዱ ይባላሉ። ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ትውልዳቸው ስልጤ ነው። ስልጥኛ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ በሦስቱም ይጠይቃሉ፣ በአንዱም አይመልሱም። ደንበኛ መጥቶ «ጋሽ ሀምዱ፣ ሱሪዬ ደረሰ?» ካላቸው መቀሳቸውን ያስቀምጡና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «የት ልትሄድበት ነው?» ይላሉ። ሰውየው ለቅሶ መሆኑን፣ ማን እንደሞተ፣ ሟች ከማን ጋር ተኳርፎ እንደነበር ነግሮ ሲጨርስ ሱሪው አልደረሰም። የጠየቃቸው ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነ «ማሊፍ ጋፈቴ?» ይሉታል፤ ለምን ጠየቅህ ማለታቸው ነው።

አንድ ጊዜ ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ወጣት «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብሎ ሱቃቸው ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥቶ አጠገባቸው ሻይ የሚሸጡትን እትዬ ዘውደነሽን የጋሽ ሀምዱን የልጅ ቁጥር ጠየቃቸው። ጋሽ ሀምዱ ግን በዚያ ሰዓት የወጣቱን የትውልድ ቀበሌ፣ የእናቱን የወገብ ሕመምና የእጮኛውን ስም አጣርተው ጨርሰው ነበር።

ልጃቸውን ጣሂራን ለሰፍዋን ሊጠይቁ የተላኩት ሽማግሌዎችማ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው እሺ ይሁን እምቢ ሳያውቁ ወጡ። በሦስተኛው ጊዜ ጣሂራ ራሷ በጓዳ በኩል ወጥታ በር ላይ ደረሰችባቸውና አባቷ ከተስማማ ሰንብቷል አለቻቸው። እንዴት አወቅሽ ቢሏት፣ እምቢ ቢል ኖሮ ሁለተኛ ባልጠየቃችሁ ነበር አለች። ሰፍዋን አግብቷት ዳሪሙ ወሰዳት፤ እዚያ ገጠር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለው።

እኔ ከጋሽ ሀምዱ ጋር የተጋጨሁት በሥራ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ መቱ ላይ የምርምር ክፍል ከፍቶ ነበርና እዚያ ተቀጠርኩ። ማስታወቂያው መደቤን «በተዋቀረ የንግግር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ» ይለዋል። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር «ሀሴት ስልክ ማናገር ታስተምራለች» ትላለች፤ ከማስታወቂያው የእሷ ይሻላል።

ሥራው እንዲህ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ቤተሰቧ ይደውላል፤ ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው። ማሽኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ በአንድ መንገድ፣ አይደለም ከተባለ በሌላ መንገድ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ምን ማድረግ እንደሚገባ ይናገራል። ጥያቄዎቹን በአማርኛና በኦሮምኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። ድምፁም የእኔ ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ክፍል ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ቀርጬዋለሁ። የምክሩን ክፍል ሐኪሞች ገና አላጸደቁትም ነበርና በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፦ «ይህ የሙከራ ጥሪ ነው፤ ስለተባበሩን እናመሰግናለን።» ለምሳ ልወጣ ስል የጻፍኳት ነበረች።

አለቃዬ ዶክተር ዋቁማ ይባላል። ወጣት ስለሆነ አንቱታ አይወድም፤ አንተ በሉኝ ይላል። ሰኔ ላይ ገምጋሚዎች መጥተው ሥራው ይቀጥል ወይም ይቁም ይላሉ፤ ከቆመ የእኔም መደብ፣ የእሱም የሦስት ዓመት ድካም አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ከከተማው አርባ ሰው መለመልን። ለእያንዳንዱ የታመመች ሴት ታሪክ የተጻፈበት ወረቀት እንሰጠዋለን፤ እሱ በወረቀቱ መሠረት ማሽኑን ያናግራል። ለእውነተኛ ሕመም እንዳይደውሉ ለሁሉም አስጠንቅቄያለሁ።

ጋሽ ሀምዱን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ በጉራ። ማሽናችን እሳቸውን ካለፈ ማንን ይፈራል አልኩ። ውጤቱን እነሆ፦

«ነፍሰ ጡሯን ራሷን በጣም ያማታል?»

«ራሱን የማያመው ማን አለ?»

«አልገባኝም። እባክዎ አዎ ወይም አይደለም ይበሉ።»

«ሀሴት፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? እናትሽስ?»

ሠላሳ ሰባት ጊዜ ደወሉ። ሠላሳ ሰባቱንም ጊዜ ማሽኑ ተስፋ ቆርጦ ዘጋ። ዶክተር ዋቁማ ውጤታችንን ወደ ታች የሚጎትቱት አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን አሳየኝና ስማቸው ይውጣ አለ። እኔ ለመንኩት። ከዚያ ሱቃቸው ሄጄ፣ የሚያናግሯት እኔ እንዳልሆንኩ፣ ማሽን እንደሆነች፣ ስለ እናቴ ብትጠየቅ እንደማታውቅ አስረዳኋቸው። ጋሽ ሀምዱ በጥሞና ሰሙኝና «ድምፅሽን ለእሷ ከሰጠሽ አንቺ በምን ታወሪያለሽ?» አሉኝ። በዚያ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ስለነበር አንዲት «አዎ» ማለት ምን ይከብዳል አልኳቸው። መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ያንን ሁሉ ቀልዳቸውን ትተው፣ «እኛ ወጣት በነበርንበት ዘመን ‹አዎ› ብለው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱት ስንት እንደሆኑ የነገረሽ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ያም ጥያቄ ነበር። ወጥቼ ሄድኩ።

ገምጋሚዎቹ ሐሙስ ጠዋት መጡ። ሦስት ናቸው፤ መሪያቸው ዶክተር ዳናዊት የሚባሉ፣ ፈገግታ ቆጥበው የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዶክተር ዋቁማ ከረባት አድርጎ ነበር፤ ከረባት ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የሚገቡት ጥሪዎች በድምፅ ማጉያ ይሰማሉ፤ ሦስት ሞካሪዎች በቀጠሯቸው ሰዓት ደውለው ሁለቱ በሰላም ጨረሱ፣ የሦስተኛው መሃል ላይ ተቋረጠ። ዶክተር ዳናዊት ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። የዋቁማ አንገት በላብ ራሰ።

አራት ሰዓት ላይ ማንም ያልጠበቀው ጥሪ ገባ። ቁጥሩን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ የጋሽ ሀምዱ ነው። ዋቁማ ዝጊው በሚል ዓይን አየኝ። እጄ ሳይደርስ ማሽኑ አነሳው።

«ነፍሰ ጡሯን ራሷን በጣም ያማታል?»

«አዎ።»

ዋቁማ ቀና አለ።

«ዓይኗ ይደበዝዝባታል ወይም ብልጭ ብልጭ ይልባታል?»

«አዎ።»

«ፊቷ ወይም እጆቿ አብጠዋል?»

«አዎ፤ ሁለቱም።»

«ደም ይፈሳታል?»

«ደም የለም።»

«ይህ የሙከራ ጥሪ ነው፤ ስለተባበሩን እናመሰግናለን።»

ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ነው። «እሺ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን መለስኩልሽ። አሁን ምን ላድርግ?» አሉ። መሥመሩ ተዘጋ።

አንደኛው ገምጋሚ ጥሩ ነው፣ ይህ ንጹሕ ነው አለ። ዋቁማ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ማሽኑን ሠላሳ ሰባት ጊዜ የጣለው ሰው አሁን በትክክል መለሰለት። እኔ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። እኚያ ሰው በሕይወታቸው በተከታታይ አራት ጊዜ ቀጥ ያለ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ጠረጴዛው ላይ ባለው የቢሮ ስልክ መልሼ ደወልኩላቸው፤ የእሳቸው ስልክ አይሠራም። እትዬ ዘውደነሽ ጋ ደወልኩ። ጋሽ ሀምዱ ማክሰኞ ዳሪሙ ጣሂራ ዘንድ እንደሄዱ ነገሩኝ። ጣሂራ ስምንት ወሯ ነው። ሰፍዋን ዕቃ ሊያመጣ ቡሬ ስለሄደ ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ነው የሄዱት። እዚያ ደግሞ ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ሲወጡ ነው፤ ሲወርዱ ይጠፋል።

ዶክተር ዋቁማን ወደ ጎን ወስጄ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቆጣኝ። በሰጠናቸው ወረቀት ላይ ያለችው ሴት ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ ፊቷ አብጧል፤ ሰውየው ዛሬ ገና ወረቀቱን አንብበው ነው አለኝ። ወረቀቱንማ ጥር ላይ ለአንገትጌ ልክ ቆርጠውታል አልኩት። ይኼን ያልኩት ከፍ ባለ ድምፅ ሳይሆን አይቀርም፤ ክፍሉ በሙሉ ዞረ።

ዶክተር ዳናዊት ምን እንደሆነ ጠየቁ። እውነተኛ ጥሪ ነው፣ ሴትየዋ ልትሞት ትችላለች፣ መኪና እፈልጋለሁ አልኳቸው። ግቢው ውስጥ የቆመው መኪና እሳቸው የመጡበት ብቻ ነበር።

«እውነተኛ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«መልስ ስለሰጡ» አልኩ።

አንዱ ገምጋሚ ሊስቅ ሲል የዶክተር ዳናዊት ፊት ከለከለው። በሁለት ዓረፍተ ነገር ስለ ጋሽ ሀምዱ ነገርኳቸው። ስለ ሱሪው፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ ሠላሳ ሰባቱ ጥሪ።  ዶክተር ዳናዊት ማስታወሻቸውን ዘጉ፣ ሻርፓቸውን አነሱና ሾፌራቸውን በዳሳን መኪናውን እንዲያዞር ጠሩት። ዋቁማ ጥቂት ቆሞ አየን፤ ከዚያ ከረባቱን አላልቶ ወደ ዳሪሙ ጤና ጣቢያ መደወል ጀመረ። መንገድ ላይ ሳለን በበዳሳ ስልክ ሲደውልልን አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ወደ መቱ እንደወጣ፣ አዋላጅ ነርሷ ግን መድኃኒቱን አዘጋጅታ እንደምትጠብቅ ነገረን። የሱቁንም አቅጣጫ ከነርሷ ጠይቆ ለበዳሳ አስረዳው።

መንገዱ ጭቃ ነው። በዳሳ መሪውን አቅፎ ይነዳል፤ ጎማው ሲንሸራተት ሁላችንም መቀመጫችንን እንጨብጣለን። ስልኬን ከቦርሳዬ አወጣሁት። ሁለት ያልተነሱ ጥሪዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የጋሽ ሀምዱ። ማሽኑ ጋ ከመደወላቸው በፊት እኔ ጋ ደውለው ነበር። እኔ ስላላነሳሁ ድምፄ ወደሚገኝበት ደወሉ። የምትመልስላቸው ግን «ስለተባበሩን እናመሰግናለን» የምትለዋ ነበረች። ስልኩን ለዶክተር ዳናዊት አሳየኋቸው። አይተው መለሱልኝና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩ።

መኪና የሚገባበት መንገድ ካለቀበት ቦታ ወርደን እየሮጥን በእግረኛ መንገድ ገባን። ሩቅ አልሄድንም። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ከቡናው ውስጥ ብቅ አሉ፤ ጋሽ ሀምዱ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ከጎን ይራመዳሉ፣ ኮታቸውን ጣሂራ ላይ ደርበዋል። ማሽኑ ምን እንደሚያደርጉ ባይነግራቸውም ከጉብታው ወርደው ጎረቤት ጠርተዋል። ጣሂራ ፊቷ ከማበጡ የተነሳ አላወቅኳትም።

ጋሽ ሀምዱ ቀና ብለው ሲያዩኝ አልተገረሙም። «መጣሽ» አሉኝ፤ በቃ። ስልኩን የዘጋሁት ለመምጣት ስለተነሳሁ መስሏቸው ነበር።

መኪናው ውስጥ ጣሂራ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጥርሷ ገጠመ፣ ዓይኗ ነጭ ሆነ። የእርግዝና ደም ግፊትን ምልክቶች የሚጠይቁትን ጥያቄዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያ ሁሉ ጽሑፍ ግን በዚያች ሰዓት ለእጄ አንድም ነገር አላስተማረውም። ከኮምፒውተር በቀር ሕመምተኛ ነክተው የማያውቁት ዶክተር ዳናዊት በጎኗ አስተኝተው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ሀምዱ የልጃቸውን እግር ይዘው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። በዳሳ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ጥሩምባውን አልለቀቀም። ነርሷ መርፌውን እዚያው መኪናው ውስጥ ወጋቻት፤ መንቀጥቀጡ ሲረግብ አብራን ገብታ ወደ መቱ ተመለስን።

ሆስፒታል ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዋቁማ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ደም መስጠት ቢያስፈልግ ብሎ ሁለቱን ገምጋሚዎች ጭምር ይዞ መጥቷል። ጣሂራን ወደ ቀዶ ጥገና አስገቧት። ጋሽ ሀምዱ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እዚያ አጠገባቸው የሚያልፈው ሁሉ የሚጠየቅ ነበር፤ ነርሱ፣ ጽዳቷ፣ አስታማሚው። አንዱንም አልጠየቁም። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ ወጣ። ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ትንሽ ስለሆነች በሙቀት ክፍል ትቆያለች። እናቷ ተርፋለች፤ ዓይኗ ለጥቂት ቀን ይደበዝዛል እንጂ ይመለሳል አለን። ጋሽ ሀምዱ ተነሥተው የሐኪሙን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን እውነቱን ልነግራቸው ሄድኩ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ እንዳልነበርኩ፣ ማሽን እንደነበረች፣ እኔ ስልኬን አፍኜ ስብሰባ ላይ እንደነበርኩ፣ ያችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የጻፍኳት እኔው እንደሆንኩ አንድ በአንድ ተናዘዝኩ።  በመጨረሻ «ታዲያ የመጣው ማን ነው?» አሉኝና ለጣሂራ ሾርባ እንዳደርስላቸው ላኩኝ።

የዶክተር ዳናዊት ሪፖርት ሁለት ገጽ ነበር። ማሽኑ በጥሪው መጨረሻ ላይ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ሳይኖር ለሕዝብ እንዳይከፈት፤ ያቺ ዓረፍተ ነገር በዚያው ዕለት እንድትወጣ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በአገሬው ሰው እንዲታይ፤ ለዚህም አንድ ዓመት እንዲጨመር ይላል። በሙከራው ስኬት አምድ ላይ ምንም አልጻፉም። ዶክተር ዋቁማ ደብዳቤውን አንብቦ ራሱ ወደ ጋሽ ሀምዱ ሱቅ ወረደ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ጥያቄዎቹንም እንዲያዩልን ሊለምን። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ዓይኑ ቀልቶ ተመለሰ። ምን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ቢሮ ይመጣሉ። አንድ ጥያቄ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ጥያቄው ላይ ጥያቄ ያነሳሉ። «ባልሽ አብሮሽ አለ?» የሚለውን ያለ ርኅራኄ ጣሉት፤ ባሏ ሞቶባት ቢሆንስ፣ ጥሏት ሄዶ ቢሆንስ፣ አጠገቧ ቆሞ የሚያስፈራራት እሱ ራሱ ቢሆንስ? ስለ ጽንሱ እንቅስቃሴ የምትጠይቀዋን ለማስተካከል ሦስት ማክሰኞ ፈጀብን፤ ሦስተኛው ላይ ሕፃኗን ታቅፋ የመጣችው ጣሂራ ናት የፈታችው። በሦስት ወር ከመቶ አርባ ጥያቄ አሥራ አንዱን ጨርሰናል። ዶክተር ዋቁማ የጊዜ ሰሌዳ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎልናል፤ በሰሌዳው መሠረት አሁን ሃምሳኛው ላይ ነን።

ባለፈው ማክሰኞ ዝናቡ ከብዶ ነበርና አይመጡም ብዬ ብቻዬን ጀመርኩ። ሥራው እንዴት እንደሚፈጥን ልንገራችሁ? በሩብ ሰዓት አራት ጥያቄ ጨረስኩ፤ አጫጭር፣ ንጹሕ፣ የማያሻሙ። ደግሜ አነበብኳቸው። ከዚያ አራቱንም ሰረዝኩና ጃንጥላ ይዤ ወደ ሱቃቸው ወረድኩ።